«ትችላለህ!» የተባለ ሁሉ ይችላል? ስለ ስሜትና በራስ መተማመን የሚነገሩ የግቢ ተረቶች

ግቢ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች አንዱ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ነው። ለኮርሱ በተዘጋጀው ሞጁል ውስጥ ስለ በራስ መተማመን፣ ንዴትን ስለ መግራት፣ ጭንቀትን ስለ መቋቋምና ስለ ስሜት ብልህነት የሚያወሱ ክፍሎች አሉ። ፍሬሾቹ ለሚድ ይቸክሉታል፣ ከፋይናል በኋላ ይረሱታል። ቦታውን የሚይዘው ዶርም አልጋ ላይ ተጋድመው በስልክ የሚያዩት አነቃቂ ንግግር፣ ከሲኒየር የሚወረስ ምክርና ከቤት ይዘውት የመጡት አባባል ነው። ከዚህ ሁሉ መሀል እውነት አለ፤ ግማሽ እውነትም አለ፤ ጨርሶ ተረት የሆነም አይጠፋም።

ተረቱን ከእውነታው ለመለየት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚወጡበት መንገድ ጥሩ ቦታ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው በ1952 የተከፈተው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው ነው። ከጤና ኢንስቲትዩቱ ዘመን ጀምሮ ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ማኅበረሰቡ መሀል ማስተማር የግቢው መለያ ሆኗል። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የሌሎችም የጤና ሙያዎች ተማሪዎች በምረቃ ዓመታቸው በአንድ ቡድን ተደራጅተው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ። ይህን የቡድን ሥልጠና ተማሪዎቹ «ቲቲፒ» ይሉታል። ከመዳረሻዎቹ አንዷ አሰንዳቦ ናት፤ በኦሞ ናዳ ወረዳ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከጅማ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ። እዚያ የሚጠብቃቸው ፈተና ምርጫ ሀ፣ ለ፣ ሐ የለውም።

ተረት፦ «ለስኬት ሰማንያ በመቶው ስሜት ነው፤ የቀለም ትምህርት ሃያ ብቻ»

በሥልጠና አዳራሾች ከሚነገሩት ሁሉ የገነነው ይህ ነው። መነሻው አሜሪካዊው ጸሐፊ ዳንኤል ጎልማን እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ጎልማን የጻፈው በአይኪው የሚለካው የማሰብ ችሎታ ለሕይወት ስኬት ያለው ድርሻ ቢበዛ ሃያ በመቶ ነው ብሎ ነበር። የቀረው ሰማንያ የብዙ ነገር ድምር ነው፦ የቤተሰብ አቅም፣ የተወለዱበት ቦታ፣ ዕድል፣ ጤና፣ ጠባይ፣ ስሜትም አለበት። አንባቢው ግን ሰማንያውን ጠቅልሎ ለስሜት ሰጠው። ይህ አረዳድ ስሕተት መሆኑን ጎልማን ራሱ መጽሐፉ ዐሥር ዓመት ሲሞላው በታተመው እትም ጽፏል።

የስሜት ብልህነትን ሐሳብ ከእሱ ቀድመው እ.ኤ.አ. በ1990 በጥናት ያቀረቡት ፒተር ሳሎቬይና ጆን ማየር ናቸው። እነሱ ያስቀመጡት ልክ ከስሙ ዝና ያነሰ ነው፤ የራስንና የሌላውን ስሜት ማወቅ፣ ስሜትን ለማሰብ መጠቀም፣ ስሜት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ መረዳትና መምራት። በኋላ የመጡ አሠልጣኞች ትጋትን፣ ተስፋንና መሪነትን ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ሲጨምሩበት ነው ሁሉን ቻይ የመሰለው።

ታዲያ ለግሬድ ምን ያህል ይረዳል? እ.ኤ.አ. በ2020 ካሮሊን ማካንና ባልደረቦቿ ከ42 ሺሕ በላይ ተማሪዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ ሰብስበው መረመሩ። የስሜት ብልህነትና የትምህርት ውጤት ዝምድና አላቸው፤ መጠኑ 0.2 አካባቢ ነው (ፍጹም ዝምድና 1 ቢሆን)። ከማሰብ ችሎታና ከትጋት ቀጥሎ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ሦስተኛነት የሚናቅ አይደለም፤ ላይብረሪ መቀመጥን የሚያስቀር ግን አይደለም።

ተረት፦ «በራስህ ካመንክ ውጤቱ ይከተልሃል»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። አንዱ ለራስ የሚሰጥ ጠቅላላ ዋጋ ነው፤ «እኔ ጥሩ ሰው ነኝ፣ አላንስም» የሚል። ሌላው አንድን የተለየ ሥራ መሥራት እችላለሁ የሚል እምነት ነው፤ «ይህን የስታቲስቲክስ ጥያቄ እፈታዋለሁ»፣ «የዚህን ሕፃን ደም ሥር አገኘዋለሁ» የሚል። ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ መጀመሪያው የተጻፉ ጥናቶችን ሲመረምሩ ለራስ የሚሰጥ ግምትን ከፍ ማድረግ ብቻውን የትምህርት ውጤትን እንደማያሻሽል አገኙ። እንዲያውም በከፊል ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥሩ ውጤት ያገኘ ተማሪ ነው ለራሱ ጥሩ ግምት የሚኖረው።

ሁለተኛው ግን ጉልበት አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሚሼል ሪቻርድሰንና ባልደረቦቿ ከዩኒቨርሲቲ ውጤት ጋር የሚዛመዱ ነገሮችን በሰፊው ሲያነጻጽሩ፣ ተማሪው «ይህን ያህል ውጤት ማምጣት እችላለሁ» የሚለው እምነቱ ከሁሉም ጠንክሮ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ይህም ቢሆን ከባዶ አይበቅልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ማጠቃለያ እምነትና ውጤት እርስ በርስ እንደሚገፋፉ፣ ውጤት በእምነት ላይ ያለው ግፊት ግን እምነት በውጤት ላይ ካለው እንደሚበልጥ አሳይቷል።

የዚህ ዘርፍ አባት ካናዳ የተወለደው አልበርት ባንዱራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፍ ይህ እምነት የሚመነጭባቸውን አራት ቦታዎች ለየ፦ ሠርቶ ማየት፣ መሰልን ሲሠራ ማየት፣ የሰው ምክርና ማበረታቻ፣ በመጨረሻም ሰውነት የሚሰጠው ምልክት። ከሁሉም የሚበረታው የመጀመሪያው ነው።

አሰንዳቦ ጤና ጣቢያ የደረሰች የነርሲንግ ተማሪ ይህን በራሷ እጅ ታየዋለች። በክፍል ውስጥ የደም ግፊት አለካክ ደረጃዎችን ዘርዝራ ሙሉ ነጥብ አግኝታ ይሆናል። ወረፋው በሩን አልፎ ሲወጣ፣ የሽማግሌው ክንድ ቀጭን ሆኖ መጠቅለያው ሲላላ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስና የልብ ምቱ በማዳመጫው አልሰማ ሲላት ግን ሌላ ነገር ነው። የሃያ ዓመት ልምድ ያላት ሲስተር አጠገቧ ቆማ ብትለካላት «እሷማ ትችላለች» ብላ ታልፋለች። አብራት የመጣችው የዶርም ጓደኛዋ ሁለት ጊዜ ስታ በሦስተኛው ስታገኘው ስታይ ግን «እኔስ?» ትላለች። መሰልን ማየት የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ራሷ ለክታ ሲስተሯ ደግማ ስትለካውና ቁጥሩ ሲገጥም፣ የማንም ንግግር የማይሰጠውን ታገኛለች።

አነቃቂ ንግግር በሦስተኛው ረድፍ ነው ያለው። ጥቅም አለው፤ ተማሪን ከአልጋው ያስነሣል። ባንዱራ ግን አንድ ጣጣ አመልክቷል። ማበረታቻው ከአቅም በላይ ሆኖ ተማሪው ሞክሮ ሲወድቅ እምነቱ ከቀድሞው ይብስ ይወርዳል፤ አበረታቹም ተሰሚነቱን ያጣል። «ሰቃይ ነህ» ከሚለው ይልቅ «ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቀመሩን ትክክል መርጠሃል፤ የሳትከው ስታባዛ ነው» የሚለው አስተያየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ተረት፦ «የወደቀ አይችልም ማለት ነው»

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። የቀሩትን ሁሉ የማይችሉ ማለት ስሌቱን አለማየት ነው። ከመቶ ዘጠና ስድስቱ የወደቁበት ፈተና ስለ አንድ ልጅ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መጻሕፍቱና ስለ ቀደሙት ዓመታት የሚናገረው ይበልጣል።

ከእነዚህ ተማሪዎች የተወሰኑት በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) በኩል ግቢ ገብተዋል። ሲገቡ የያዙት ማስረጃ መውደቃቸውን ብቻ የሚመሰክር ነው። በባንዱራ አካሄድ ይህን የሚሽረው ሌላ ማስረጃ ነው፤ በየሳምንቱ የሚታረም አጭር ፈተና፣ ቶሎ የሚመለስ ወረቀት፣ ባለፈው ወር የከበደ አሁን የቀለለ ጥያቄ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለምረቃ የመውጫ ፈተና ግዴታ ሆኗል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። የቀድሞ ዓመታት ዓይነት ጥያቄዎችን በሰዓት ይዞ ደጋግሞ የሞከረ ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ)፣ ለመፈክር ከተሰበሰበ ጂሲ የተሻለ የሚተማመንበት ምክንያት ይኖረዋል።

ተረት፦ «ዝምተኛ ተማሪ በራሱ አይተማመንም»

ከጎማ ወረዳ የመጣ የቡና ገበሬ ልጅ እንበል። አጋሮ ገበያ ላይ ጀንፈል ሲሸጥ ሚዛኑን ዓይኑን ሳይነቅል ይከታተላል፤ ነጋዴው ሲያሳንስበት ተከራክሮ ያስጨምራል፤ ቀይ እሸቱን ከጥሬው ሲለይ እጁ አይሳሳትም። ይኸው ልጅ በእንግሊዝኛ ፕረዘንቴሽን አቅርብ ሲባል ላቡ ይመጣል፤ ሁለት ስላይድ አንብቦ ይቀመጣል። የቡድን ጓደኞቹ «ፈሪ ነው» ይላሉ።

ልጁ ፈሪ አይደለም። በአንድ ሥራ ላይ ያለ እምነት ወደ ሌላው ራሱን ችሎ አይሻገርም። በገበያው ብዙ ጊዜ አሸንፏል፤ በእንግሊዝኛ ንግግር ግን የሚቆጥረው ድል የለውም። የትምህርት ቋንቋው እንግሊዝኛ በሆነበት ግቢ ብዙ ዝምታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ደፍሮ እጁን የሚያወጣውም ሁልጊዜ የተሻለ የሚያውቀው አይደለም፤ አንዳንዱ ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ ቆሞ መናገርን ለምዶ ስለመጣ ነው።

ይህን ልጅ ከቡድኑ ጋር አሰንዳቦ ላይ ብናገኘው ሚዛኑ ይገለበጣል። የቤት ለቤት ጉብኝት ነው፤ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የቤቱን አባወራ «ኦቦ»፣ እማወራዋን «አዴ» ብሎ ከከብቱና ከአዝመራው ደኅንነት የሚጀምር ሰው ያስፈልጋል። በክፍል ውስጥ አንደበተ ርቱዕ የነበረው የጎንደር ወይም የአዲስ አበባ ልጅ አሁን በአስተርጓሚ ይናገራል፤ አስተርጓሚው ደግሞ ያ «ፈሪ» የተባለው ነው። ወደ ግቢ ተመልሶ የጉብኝቱን ሪፖርት ሲያቀርብ እንግሊዝኛው ድንገት አይፈታለትም፤ የሚናገረውን ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያውቀዋል። ጀማሪ የሚደፍረው ከሚያውቀው ሲነሣ ነው።

ተረት፦ «ብልህ ሰው ስሜቱን ዋጥ ያደርጋል»

«ሆድ ይፍጀው» ብሎ ማለፍ በብዙ ቤት የአስተዋይነት ምልክት ነው። ለታላቅ ክብር ሲባል፣ ጠብ እንዳይካረር ሲባል ቁጣን ማዘግየት በእርግጥም ጥበብ ነው። የስሜት አገዛዝን አጥብቀው ካጠኑት አንዱ የሆነው ጄምስ ግሮስ የተሳተፈባቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ስሜትን መደበቅ በሰዎች መሀል የሚያስከትለው ጉዳት በየባህሉ ይለያያል። አንድ ዋጋ ግን ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጄን ሪቻርድስና ግሮስ ባወጡት ጥናት፣ ፊታቸው ላይ ምንም እንዳይነበብ የታዘዙ ሰዎች በዚያው ጊዜ ያዩትንና የሰሙትን ነገር ያን ያህል አላስታወሱም። መደበቅ ራሱ ሥራ ነው፤ ሐሳብን ይሻማል።

ወደ ጤና ጣቢያው እንመለስ። ጎህ ሲቀድ ከቀበሌዋ የተነሣች እናት የሚያተኩሰው ልጇን አዝላ ሁለት ሰዓት ወረፋ ጠብቃለች። ተራዋ ሲደርስ ቁጣዋን በተማሪው ላይ ታወርዳለች። አንዱ ተማሪ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል፤ ውስጡ ግን ይጨሳል፤ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ ስትነግረው አልሰማትም፤ ደግሞ ይጠይቃታል፤ እሷም ደግማ ትቆጣለች። ሌላው «ይህ ቁጣ እኔን አይመለከትም፤ መንገዱና ስጋቱ ነው» ብሎ ነገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል። «አዴ፣ ብዙ ቆይተሻል፤ አሁን ልጁን እንየው» ይላታል። ትኩሳቱ ከትናንት ወዲያ ማታ ብርድ ብርድ ብሎት መጀመሩን ያኔ ይሰማል። በጊልጌል ጊቤ ግድብ አቅራቢያ፣ ወባ የሕፃናት ጠላት በሆነበት አካባቢ፣ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የላቦራቶሪ ትእዛዝ የምታስጽፍ ናት።

ግሮስ ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነገሩን እንደገና ማየት ይለዋል። ስሜቱ ከመፋፋሙ በፊት ስለሚገባ ሐሳብን እንደ መደበቅ አያስጨንቅም።

ተረት፦ «ልቡ የሚመታ ተማሪ ፈተና ይወድቃል»

ከፈተና በፊት ልብ ሲመታና እጅ ሲያልበው «አለቀልኝ» ማለት የተለመደ ነው። ጄረሚ ጄሚሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሙከራ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ከሚዘጋጁ ተማሪዎች ለግማሾቹ የልብ ምት መጨመር ፈተናን ሊያግዝ እንደሚችል ነገሯቸው። እነዚህ ተማሪዎች በልምምዱም በኋላም በእውነተኛው ፈተና በሒሳብ ክፍል የተሻለ ውጤት አመጡ። የባንዱራ አራተኛው ምንጭ ይህ ነው፤ ወሳኙ ምልክቱ ሳይሆን የሚሰጠው ትርጉም ነው። ሳያጠኑ ለገቡ ግን ይህ መላ አይሠራም።

ተረት፦ «ስሜት የሴት ጉዳይ ነው»

ስሜትን መለየትና መረዳትን እንደ ፈተና በሚለኩ መለኪያዎች ሴቶች በአማካይ በትንሹ ይበልጣሉ፤ ልዩነቱ አንድ ወንድ ይችላል ወይም አይችልም ለማለት የሚያበቃ አይደለም። የሚገርመው ሌላ ነው። ራሳችሁን ገምቱ ሲባሉ ወንዶች ለራሳቸው ከፍ ያለ ግምት ሲሰጡ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። በጥቅሉም «የሰው ስሜት ይገባኛል» ብሎ መጠይቅ የሚሞላ ሰው ግምትና በፈተና የሚገኘው ውጤት እምብዛም አይገናኙም። በማካን ማጠቃለያም ከግሬድ ጋር ይበልጥ የተዛመደው በፈተና የተለካው ነው።

ተረት፦ «ከእናቱ ሆድ ይዞት ያልወጣ አይማረውም»

ጠባይ በከፊል ይወረሳል፤ ቱግ የሚልና ሆደ ሰፊ ከአንድ ቤት ይወጣሉ። ችሎታው ግን ይሠለጠናል። እ.ኤ.አ. በ2018ና በ2019 የወጡ ሁለት የጥናት ማጠቃለያዎች የስሜት ብልህነት ሥልጠና መካከለኛ የሚባል መሻሻል እንደሚያመጣ አግኝተዋል። ተአምር የለም፤ ባዶም አይደለም።

የአሰንዳቦው ቡድን በዚህ በኩል ከአዳራሽ ሥልጠና የሚለይበት ነገር አለ። የሕክምና ተማሪው ማዘዝ ለምዷል፤ የፋርማሲዋ ተማሪ የመድኃኒት መጠን ስሕተት ብታይ ለመናገር ታመነታለች፤ የላቦራቶሪው ልጅ «ናሙናው በቂ አይደለም» ማለት አለበት። አብረው ያድራሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ በማን ተራ እንጀራ እንደሚገዛ ይጨቃጨቃሉ፣ ሪፖርቱም የጋራ ነው። ከተኳረፉት ጋር በማግሥቱ ጠዋት አንድ ታካሚ ፊት መቆም ግድ ይሆናል። ሱፐርቫይዘር መጥቶ «ትናንት እንዲህ ስትላት እንዴት ብትል ይሻል ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ ልምዱ ትምህርት ይሆናል። ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ ግን ሁለት ወር አብሮ መኖር ብቻውን ኩርፊያ አስተምሮም ሊመልስ ይችላል።

ተረት፦ «ምክር ቢሮ የሚሄድ ያመመው ነው»

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ከሦስት አንዱ ገደማ በማጣሪያ መጠይቅ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንዳለው አሳይቷል። የማጣሪያ መጠይቅ ሐኪም የሚሰጠውን ምርመራ አይተካም፤ ቁጥሩ ግን ነገሩ የጥቂት ደካሞች ጉዳይ አለመሆኑን ይናገራል። ከእነዚህ ተማሪዎች ውስጥ በትምህርታቸው ሰቃይ የሆኑም ሊኖሩ ይችላሉ። «በራስህ እመን» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይጎዳል፤ ያልተሻለው ተማሪ በሕመሙ ላይ «እምነት አነሰኝ» የሚል ጥፋት ይጨምርበታል።

ሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ የከለከለ ሐዘን ወይም ፍርሃት፣ ምግብ መዝጋት፣ ካፌና ክላስ መቅረት፣ መኖር አስጠላኝ ማለት በጥናት ዘዴና በንግግር አይፈታም። የዶርም ጓደኛ ማድረግ የሚችለው ትልቁ ነገር «አይዞህ፣ ያልፋል» ብሎ ማለፍ ሳይሆን አብሮ ተነሥቶ እስከ በሩ መሄድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች አገልግሎት ሥር የምክር አገልግሎት አላቸው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ደግሞ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ቲቲፒ የወጣ ቡድን ውስጥ ይህ ቢያጋጥም ሱፐርቫይዘሩ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል፤ ከአሰንዳቦ እስከ ጅማ ያለው መንገድ አስፋልት ነው፣ መኪናም አይጠፋም።